ሁለት ጆሮዎቹ ያልተስማሙበት ሙዚቀኛ

እ.ኤ.አ በ1874 በጁላይ ወር፣ በፕራግ ከተማ የሚኖር አንድ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ በገዛ ጆሮዎቹ መካከል አለመግባባት መነሣቱን ተገነዘበ። ቀጫጭኖቹ የሙዚቃ ድምፆች በአንደኛው ጆሮው በአንድ ቅኝት፣ በሌላኛው ጆሮው ደግሞ በሌላ ቅኝት ይሰሙት ጀመር። ከአንድ መሣሪያ የወጣ አንድ ድምፅ እርሱ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ይሆናል። አልፎ አልፎም ከታላቅ ፏፏቴ ሥር የቆመ እስኪመስለው ድረስ ጆሮው ውስጥ ውኃ ይወርዳል፤ ዙሪያውን ቢመለከት ግን ፏፏቴ የለም።

ሰውየው ቤድርዢህ ስሜታና ይባላል። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው፣ በዚያን ዘመን ግን በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር በነበረችው የቦሄሚያ ምድር የሀገሬው ሙዚቃ አባት ተብሎ የሚጠራ ነው። እንጀራውን የሚበላው በጆሮው ነበር። በፕራግ ቴአትር ቤት የኦርኬስትራ መሪ እንደመሆኑ በሥሩ ከተሰለፉት ሙዚቀኞች መካከል አንዱ በጥቂቱ ቢስት ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። የአናጺ ዐይን ወይም የአንጥረኛ እጅ ቢከዳው የሚደርስበትን የሚያውቅ ሰው የስሜታናን ድንጋጤ ለመገመት አይቸገርም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

ስሜታና የተወለደው ማርች 2 ቀን 1824 ሊቶሚሽል በተባለች ትንሽ ከተማ፣ በቢራ መጥመቂያ ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ ፍራንቲሼክ የአካባቢው መስፍን ቢራ ጠማቂ ነበር። ቀን ከገብስና ከብቅል ጋር ይውላል፤ ማታ ቫዮሊኑን አንሥቶ ከወዳጆቹ ጋር ይጫወታል። ሰውየው ሦስት ጊዜ አግብቶ ብዙ ልጆች ወልዷል፤ ከወንዶቹ ከጨቅላነት ያለፈው የመጀመሪያው ልጅ ግን ቤድርዢህ ነበር። ልጁ ገና በስድስት ዓመቱ በሕዝብ ፊት ፒያኖ ተጫወተ። አባት የልጁን ተሰጥኦ አልካደም፤ ሆኖም ሙዚቃ ለጨዋታ እንጂ ለኑሮ ትሆናለች ብሎ አላመነም። ልጁ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በ1843 ባዶ ኪሱን ይዞ ፕራግ ገባ። ጥቂት ቆይቶ በአንድ መስፍን ቤት የልጆች የሙዚቃ መምህር ሆነ።

የስሜታናን ሕይወት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የቼኮች የሙዚቃ አባት የተባለው ይህ ሰው ቼክኛን በሚገባ የተማረው ከጎለመሰ በኋላ ነው። በዘመኑ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በተማረው ሰው ቤት የሚነገረው ጀርመንኛ ነበር፤ ቼክኛ የገጠሩ ሰው ቋንቋ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስሜታናም ደብዳቤውንና የዕለት ማስታወሻውን በጀርመንኛ ሲጽፍ ኖሯል። ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ እንደ ተማሪ ተቀምጦ የወገኑን ቋንቋ ሰዋስው አጠና። መጀመሪያ ላይ ስሕተት ይበዛበት ነበር፤ በዚያም አልተሸማቀቀም። በአንድ ቋንቋ አፉን ፈትቶ በሌላ ቋንቋ ለሕዝቡ ኦፔራ የጻፈ ሰው ነው።

ሐዘን ቤቱን ቀድሞ ያንኳኳው ከጆሮው ሕመም ከሃያ ዓመት በፊት ነው። በ1849 ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃትን ካተርዢናን አገባ፤ አራት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ከ1854 እስከ 1856 ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ሦስቱን ቀበሯቸው። ከሁሉ ይልቅ የጎዳው የበኩር ልጁ የቤድርዢሽካ ሞት ነበር። ገና በአራት ዓመቷ የምትሰማውን ዜማ ሁሉ የምትይዝ ሕፃን ነበረች። ለእርሷ መታሰቢያ ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ የጻፈው ሙዚቃ እስከ ዛሬ ይደመጣል። በ1856 ሥራ ፍለጋ ወደ ስዊድን ሀገር፣ ወደ ጎተንበርግ ከተማ ተሰደደ። ባለቤቱ ካተርዢና የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበርና በ1859 ወደ ሀገሯ ስትመለስ መንገድ ላይ፣ ድሬስደን ከተማ ውስጥ ዐረፈች። ከአራቱ ልጆች የቀረችው ዦፊዬ ብቻ ናት። ዦፊዬ ኋላ ላይ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይኖራታል።

በቀጣዩ ዓመት ስሜታና ቤቲና የተባለች፣ በዕድሜ በእጅጉ የምታንሰውን ሴት አገባ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፕራግ ሲመለስ ሀገሩ ሌላ መንፈስ ይዛ ቆየችው። ሕዝቡ በቋንቋው የሚዘፈንበት ቴአትር ቤት እንዲኖረው ገንዘብ ያዋጣ ነበር። ትልቁ ብሔራዊ ቴአትር ቤት እስኪገነባ ድረስ ጊዜያዊ የተባለ ትንሽ ቴአትር ቤት ተከፈተ። ስሜታና በ1866 በዚያው ቤት ሁለት ኦፔራዎችን አቀረበ። ሁለተኛው «የተሸጠችው ሙሽራ» በገጠር መንደር የሚፈጸም፣ ደላላና ጥሎሽ፣ ፍቅርና ተንኮል ያለበት ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ወንበሮቹ በደንብ አልሞሉም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከቼክ ኦፔራዎች ሁሉ የሚወደድ ሆነ። በዚያው ዓመት መጸው የቴአትር ቤቱ ዋና የኦርኬስትራ መሪ ሆኖ ተሾመ። በኦርኬስትራው ውስጥ ቪዮላ ከሚጫወቱት መካከል አንቶኒን ድቮርዣክ የሚባል ወጣት ነበር፤ የዓለም ሕዝብ ስሙን ያወቀው በኋላ ነው።

ሹመት ጠላት አያጣም። በፖለቲካም በሙዚቃም አመለካከት የተለዩት ሰዎች ስሜታና የጀርመኖችን የሙዚቃ ስልት አስገብቶ የሀገሩን ዜማ አበላሸ እያሉ ይከሱት ነበር። ከሥራው እንዲነሣም ፊርማ አሰባስበዋል። በ1874 ሕመሙ ሲጀምረው ሰውየው ከዚህ ጠብ ዳርቻ ላይ ነበር። መታመሙ በተነገረበት ጊዜም አንዳንድ ሰዎች ያደረሱበት የመንፈስ ጫና ነው ለዚህ ያበቃው ተብሎ በአደባባይ ተጽፏል።

ሕመሙ አካሄድ ነበረው። በጸደይ ወራት ቁስል ወጣበት፤ ከዚያ ጉሮሮው ታመመ፤ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ታየ፤ ቀጥሎም ጆሮዎቹ የተደፈኑ መሰለው። በጁላይ የቀጫጭኖቹ ድምፆች ቅኝት ተዛባ። መጀመሪያ ላይ ሄድ መለስ ይል የነበረው ነገር ወሩ ሲያልቅ ቋሚ ሆነ። ራሱን ያዞረው ጀመር፤ ሲራመድ ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል፤ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ሐሳቡን ሁሉ መሰብሰብ ነበረበት። በምሽት ደግሞ ከፍ ያለ፣ የሚሰነጥቅ ፉጨት በጆሮው ይጮኻል። ሙዚቀኛ ነውና ፉጨቱ የትኞቹን የሙዚቃ ድምፆች እንደያዘ ሳይቀር ለይቶ በጽሑፍ አሰፈረው። ሌላ ሰው ጆሮዬ ጭው አለ ብሎ የሚያልፈውን ነገር እርሱ እንደ ሙያው መዘነው።

በሰው ራስ ውስጥ ምን ቢፈጠር ነው አንድ ድምፅ ሁለት የሚሆነው? በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ከአተር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ በፈሳሽ የተሞላ ጥምዝምዝ አጥንት አለ። በውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ደቃቅ ሕዋሳት ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ድርሻ አለው፤ በመግቢያው በኩል ያሉት ቀጭን ድምፅን፣ ወደ ውስጠኛው ጫፍ ያሉት ወፍራም ድምፅን ይቀበላሉ። አንጎል የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ መልእክቱ ከየትኛው ስፍራ እንደ መጣ መለየት ነው። በአንደኛው ጆሮ ያሉት ሕዋሳት ከተጎዱ ወይም ፈሳሹ ከተዛባ ያው ድምፅ ከወትሮው ስፍራ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ይቀበላል። ጤነኛው ጆሮ እውነቱን ይናገራል፤ የታመመው ሌላ ይናገራል፤ አንጎል ደግሞ ሁለቱንም ያምናል። ሁለት ክራሮች በተለያየ ቅኝት ተቃኝተው አንድ ዜማ አብረው ሲመቱ የሚፈጠረውን መሻከር ያህል ነው። ንግግር ለሚያዳምጥ ሰው ነገሩ ብዙ ላይታወቀው ይችላል፤ ለሙዚቀኛ ግን ከድንቁርና የከፋ ነው፤ ጨርሶ ያልሰማ ሰው ቢያንስ የተሳሳተ ነገር አይሰማምና።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። እነዚያ ሕዋሳት ደካማውን ድምፅ ያጎላሉ፤ ኃይለኛው ድምፅ ጆሮን እንዳይጎዳ ደግሞ መጠን ያበጁለታል። ሲጎዱ ሁለቱም ሥራ ይስተጓጎላል። በዚህ ምክንያት ሹክሹክታ የማይሰማ ጆሮ የሳህን መጋጨት ወይም የሕፃን ጩኸት እንደ መርፌ ይወጋዋል። ለቤተሰቡ ይህ ግራ የሚያጋባ ነው፤ አሁን አልሰማሁም ያለ ሰው ወዲያው አትጩኹብኝ ሲል ቀልድ ወይም ጠባይ ይመስላቸዋል። የታማሚው ብቸኝነት ከሕመሙ እኩል የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ በዐይን አይታይም፤ ጆሮው ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ነው።

ስሜታና በሴፕቴምበር ለቴአትር ቤቱ ኃላፊዎች ሁኔታውን ገልጾ ጻፈ። ጤንነቱ ካልተመለሰ ሥራውን ለመልቀቅ እንደሚገደድ አስታወቀ። በዚያ ጊዜ ቀኝ ጆሮው ፈጽሞ ደንቁሮ ነበር፤ ተስፋው ሁሉ በግራው ላይ ነበር። በኦክቶበር አንድ ምሽት ኦፔራ አዳምጦ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ፒያኖው ዘንድ ተቀምጦም ለአንድ ሰዓት ያህል በሐሳቡ የመጣለትን ተጫወተ። ኦክቶበር 20 ቀን ከእንቅልፉ ሲነቃ ግራ ጆሮውም ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ለዘጠኝ ዓመት ተኩል ያህል፣ ከውጭው ዓለም አንድም ድምፅ አልሰማም። የውስጡ ጩኸት ግን አልተወውም። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው እውነት ይህ ነው፤ የደነቆረ ሰው ጸጥታ ውስጥ ይኖራል ማለት አይደለም።

ዛሬ ቢሆን ኖሮ የአንድ ጆሮ በድንገት መድከም እንደ አስቸኳይ ሕመም ይታያል። ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የሚሰጥ መድኃኒት እንዳለና ጊዜው ባለፈ ቁጥር ተስፋው እንደሚቀንስ ይናገራሉ። በስሜታና ዘመን የነበረው ሕክምና ቅባት፣ እንፋሎትና ዕረፍት ነበር። ሐኪሙ ከሙዚቃ እንዲርቅና ከድምፅ ሁሉ ተገልሎ እንዲቀመጥ አዘዘው። በፕራግ የነበሩ የቀድሞ ተማሪዎቹና በጎተንበርግ የሚኖሩ ወዳጆቹ ገንዘብ አሰባስበው 1,244 ጉልደን አስረከቡት። በዚያ ገንዘብ በ1875 በጀርመንና በቪየና ወደሚገኙት የዘመኑ ታላላቅ የጆሮ ሐኪሞች ሄደ። ያመጣው መልስ ግን የሚያጽናና አልነበረም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በዕለት ማስታወሻው ላይ፣ ሕመሙ የማይድን ከሆነ ከዚህ ሕይወት መገላገልን እንደሚመርጥ ጽፎ ነበር።

የገንዘቡ ነገር ከሕመሙ የተለየ አልነበረም። የኦርኬስትራ መሪነቱን ሲለቅ ደመወዙ ቆመ። ቴአትር ቤቱ በዓመት 1,200 ጉልደን ሊከፍለው፣ በምትኩ ደግሞ ኦፔራዎቹን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊያሳይ ተስማሙ። ውሉ ሲታይ በጎ ይመስላል። ክፍያው ግን በጊዜው አይደርስም ነበር፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። ሕዝቡ በየምሽቱ የእርሱን ኦፔራ እያየ ሲያጨበጭብ ደራሲው የዳቦ መግዣ የሚጠብቅበት ወራት ነበር። በገንዘብ ጉዳይ ከቤቲና ጋርም ተቀያየሙ። ቤቲና በሁለት ትናንሽ ልጆች መካከል ሆና ከማይሰማ ባል ጋር የኖረች ወጣት ሴት ነበረች፤ በእርሷ ላይ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይመስልም።

አሁን ወደ አስደናቂው ነገር እንለፍ። ስሜታና ግራ ጆሮው በደነቆረ በአንድ ወር ውስጥ፣ ኖቬምበር 18 ቀን፣ «ቪሼህራድ» የተባለውን ድርሰት ፈጸመ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ጀመረ፤ ዲሴምበር 8 ቀንም ጨረሰው። አስራ ዘጠኝ ቀን የፈጀው ይህ ሥራ «ቭልታቫ» ይባላል፤ በምድር ላይ ከሚታወቁት የኦርኬስትራ ሙዚቃዎች አንዱ ነው። ቭልታቫ የቦሄሚያ ታላቅ ወንዝ ነው። ሙዚቃው ከሁለት ትናንሽ ምንጮች ይነሣል፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ ሌላው ለብ ያለ ነው። ምንጮቹ ተገናኝተው ወንዝ ይሆናሉ። ወንዙ የአዳኞች መለከት በሚሰማበት ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ የገበሬዎች ሠርግ ባለበት መስክ ዳር ሲደርስ ዘፈንና ጭፈራው ይሰማል፤ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን የውኃ ቆነጃጅት ይታዩበታል፤ በድንጋያማው ሸለቆ እየተናጠ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ተንጣልሎ በፕራግ በኩል፣ በጥንታዊው የቪሼህራድ ዓለት ሥር ያልፋል። ሙዚቃው በ1875 ኤፕሪል 4 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲቀርብ ከደራሲው በስተቀር በከተማው ያለ ጤነኛ ጆሮ ሁሉ ሊሰማው ይችል ነበር።

ጆሮው ውስጥ ፏፏቴ የሚወርድበት ሰው ስለ ወንዝ መጻፉን አገናኝቶ መተርጎም ቀላል ነው። ነገር ግን ያ ፏፏቴ ሥቃይ ነበር፤ ቭልታቫ ደግሞ ሥርዓት ያለው፣ ከምንጩ እስከ መድረሻው የታወቀ ውኃ ነው። ሥቃዩ ሙዚቃውን ሰጠው ከማለት ይልቅ ሥቃዩ እያለ ጻፈው ማለት ለእውነት ይቀርባል። ለረጅም ሰዓት ሲሠራ የራሱ ጩኸት እየበረታ ብዕሩን ያስጥለው ነበር። ጥቂት ይጽፋል፤ ያርፋል፤ ተመልሶ ይጽፋል። የሚጽፈውን እንዴት ሰማው ለሚል ሰው መልሱ ከሙያው ውስጥ ነው፤ የሠለጠነ ሙዚቀኛ የተጻፈን ሙዚቃ በዐይኑ እያነበበ በልቡናው ይሰማዋል። የተዛባው ጆሮው እንጂ ይህ ውስጣዊ መስማት አልነበረም። ምናልባትም ሁለቱ ጆሮዎቹ እየተጣሉ ከሚረብሹት ጊዜ ይልቅ ፍጹሙ ድንቁርና ለሥራው ይሻል ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

በ1876 ስሜታና ቤተሰቡን ይዞ ከፕራግ ወጣ። የሄደው ያብከኒጼ ወደምትባል መንደር፣ ወደ ልጁ ዦፊዬ ቤት ነው። ዦፊዬ የደን ሹም አግብታ በደን መካከል በሚገኝ ቤት ትኖር ነበር። ከካተርዢና ልጆች ሞት የተረፈችው ያች ብቸኛ ልጅ አሁን የደነቆረውን አባቷን ከእንጀራ እናቷና ከታናናሽ እኅቶቿ ጋር ተቀበለች። በደኑ ውስጥ የሚያሳስበው የጋሪ ኳኳታ፣ የሰዎች ሐሜት፣ የቴአትር ቤት ጠብ አልነበረም። በዛፎቹ መካከል ይራመዳል፤ ቀሪውን ጊዜ ጠረጴዛው ዘንድ ያሳልፋል። ሊያነጋግረው የሚሻ ሰው ሐሳቡን በወረቀት ላይ ያሰፍርለታል። በእነዚህ ዓመታት «መሳም» እና «ምስጢሩ» የተባሉትን ኦፔራዎች ጻፈ፤ ከ«ቭልታቫ» ጋር በአንድ ጥላ ሥር የሚቆሙትን ስድስቱን የኦርኬስትራ ድርሰቶችም በ1879 አጠናቀቀ። የስድስቱ የጋራ ስም «ሀገሬ» ነው። ከመካከላቸው አንዱ የቦሄሚያን እርሻና ደን የሚያሳይ ሲሆን ለአራሹ ሕዝብ የቀረበ ውዳሴ ነው ሊባል ይችላል።

ጆሮውን በተመለከተ ራሱ የሰጠው ምስክርነት ግን በሌላ ድርሰት ውስጥ ይገኛል። በ1876 መጨረሻ በሁለት ቫዮሊን፣ በአንድ ቪዮላና በአንድ ቼሎ የሚጫወቱት «ከሕይወቴ» የተባለ ሙዚቃ ጻፈ። የመጀመሪያው ክፍል የወጣትነት ሕልሙንና የሚመጣውን መከራ ቅድመ ስሜት ይዟል። ሁለተኛው የጭፈራ ዘመኑ ነው፤ ፖልካ ይደነሳል። ሦስተኛው ለሞተችው ለካተርዢና የፍቅር መታሰቢያ ነው። አራተኛው በደስታ ይጀምራል፤ የሀገሩን ዜማ ማግኘቱን፣ ሥራው መቃናቱን ይናገራል። ሙዚቃው በፍጥነትና በሐሴት ሲገሰግስ ሳለ በድንገት ይቆማል። ሦስቱ መሣሪያዎች ከታች እየተንቀጠቀጡ፣ የመጀመሪያው ቫዮሊን አንድ እጅግ ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ ይዞ ይጮኻል። ያ ድምፅ ድንቁርናውን ቀድሞ የመጣው የጆሮው ፉጨት ነው። በእውነት የሰማው ፉጨት ከአንድ በላይ ድምፅ የተጣመረበት ነበር፤ በሙዚቃው ግን ለአንድ ቫዮሊን ብቻ ሰጠው። ከጩኸቱ በኋላ ሙዚቃው ያለፉትን ዜማዎች ጥቂት ጥቂት እያስታወሰ፣ እየደከመ ያልቃል።

በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ለራሱ ብቻ የሚሰማውን ድምፅ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እንዲሰማው ያደረገበት እንዲህ ያለ ግልጽ ምሳሌ ብዙ አይገኝም። ጆሮው የሚጮኽበት ሰው ዘወትር የሚቸገረው ለዚህ ነው፤ ሌላው አይሰማለትም። የፕራግ የሙዚቃ ማኅበር ግን ድርሰቱን ለመጫወት አስቸጋሪ ነው ብሎ መለሰው። በ1878 በአንድ ወዳጁ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወቱት ቪዮላውን የያዘው ያ የቀድሞ የኦርኬስትራው አባል፣ አንቶኒን ድቮርዣክ ነበር። ለሕዝብ የቀረበው በቀጣዩ ዓመት በማርች ወር ነው።

ጃንዋሪ 4 ቀን 1880 ፕራግ ውስጥ ስሜታና በሕዝብ ፊት መጫወት የጀመረበት ሃምሳኛ ዓመት ተከበረ። ባለ በዓሉ ራሱ ፒያኖው ፊት ተቀምጦ ተጫወተ። ጣቶቹ የሚያደርጉትን የሰማው በትዝታ ብቻ ነበር።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ጁን 11 ቀን 1881፣ ሕዝቡ ሳንቲም አዋጥቶ የሠራው ብሔራዊ ቴአትር ቤት ተከፈተ። ለመክፈቻው የተመረጠው የስሜታና «ሊቡሼ» የተባለ ኦፔራ ነበር። ለደራሲው ግን አስቀድሞ የመግቢያ ትኬት የሰጠው አልነበረም። በመጨረሻው ሰዓት በቴአትር ቤቱ ኃላፊ ክፍል ውስጥ ቦታ ተሰጠው። ታዳሚው ደጋግሞ መድረክ ላይ እንዲወጣ ጠራው፤ እርሱ ያየው የሚንቀሳቀሱ እጆችን ነበር። በኦገስት ወር ሕንጻው በእሳት ጋየ። ሕዝቡ በ47 ቀናት ውስጥ መልሶ መሥሪያውን ገንዘብ አዋጣ፤ በኖቬምበር 1883 እንደገና ሲከፈትም «ሊቡሼ» ነበረች።

በ1882 ኖቬምበር 5 ቀን «ሀገሬ» ስድስቱም ክፍሎቹ ተያይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረቡ። አቀባበሉ ታላቅ ነበር። ይሁንና የስሜታና ጤና ከዚያ በኋላ በፍጥነት አሽቆለቆለ። እንቅልፍ አጣ፤ የሌለ ነገር ይታየው ጀመር፤ ንግግር የሚያቅተው ጊዜም ነበር። ሐኪሞቹ እንዳይጽፍ ቢከለክሉትም ሁለተኛውን የአራት መሣሪያዎች ሙዚቃ በጥቂት በጥቂቱ እየጻፈ በ1883 ጨረሰ። በማርች 1884 ስድሳኛ ዓመቱ በፕራግ በክብር ሲከበር ሊገኝ አልቻለም። ዦፊዬና ባሏ እስከቻሉት ድረስ ተንከባከቡት፤ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ግን ኤፕሪል 23 ቀን ፕራግ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደ። ሜይ 12 ቀን 1884 እዚያው ዐረፈ።

ጆሮውን የነጠቀው ሕመም ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብዙዎች ቂጥኝ ነው ይላሉ፤ የሕመሙ አካሄድና አስከሬኑ ላይ የተደረገው ምርመራ ወደዚያ ያመለክታል ባዮች ናቸው። ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ ይህን አይቀበሉም፤ በልጅነቱ ፊቱ ላይ ከደረሰበት አደጋ ጋር የተያያዘ የአጥንት ሕመም ነው ብለው ይከራከራሉ።

የተቀበረው በቪሼህራድ መካነ መቃብር፣ ወንዙን ከላይ በሚያየው ዓለት ላይ ነው። በቀብሩ ዕለት ምሽት በብሔራዊ ቴአትር ቤት አስቀድሞ ተይዞ የነበረው «የተሸጠችው ሙሽራ» አልተሰረዘም፤ መድረኩ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፣ የገጠሩ ሠርግ ጨዋታ ቀረበ። ከ1952 ጀምሮ ደግሞ የፕራግ የጸደይ የሙዚቃ በዓል በሞቱ ዕለት፣ ሜይ 12 ቀን፣ በ«ሀገሬ» ይከፈታል።